ቅጠሉን የሚያረግፈውና የማያረግፈው፦ የበረንዳዬ ኦርኪዶች ማስታወሻ

ጥቅምት 2015፣ መጀመሪያ

ኦርኪድ የሚባሉ ሦስት የአበባ ተክሎች ገዛሁ። ከሀገር የሚወጡ ፈረንጆች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ ነው ያገኘኋቸው። ሦስቱንም በ2,500 ብር ወሰድኩ።

ሁለቱ ፋላኖፕሲስ ናቸው። ሰፋፊና ወፍራም ቅጠል ያላቸው፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምናያቸው ዓይነት። ሦስተኛው ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ነው። ስሙ ፖቱ ውስጥ በተሰካች ፕላስቲክ ላይ ተጽፏል። ቀጭን ሸንኮራ አገዳ የሚመስሉ፣ አንጓ አንጓ ያላቸው ሰባት ዘንጎች አሉት። አምስቱ ቅጠል አላቸው፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሴትየዋ ስትሰጠኝ "ይሄኛው ከሌሎቹ ይለያል" ብላኝ ነበር። በምን እንደሚለይ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ያቺን ጥያቄ ባለመጠየቄ አንድ ዓመት ከፍያለሁ።

ቤታችን ኮተቤ ነው። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፣ የጠዋት ፀሐይ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የዘይቱን ዛፉ ይጋርደዋል። ሦስቱንም እዚያው በረንዳ ላይ ደረደርኳቸው።

እማዬ መጥታ አየችና "አፈር የለውም እኮ፣ ምን በልቶ ነው የሚኖረው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ፖቱ ውስጥ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ብቻ ነው ያለው። ዴንድሮቢየም የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ዛፍ እና ሕይወት ከሚሉ ሁለት ቃላት። በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ግን የዛፉን ደም አይመጥም። ዛፉ ለእሱ መቀመጫው ነው፣ ምግቡን ከዝናቡና ከተጠራቀመ ብስባሽ ያገኛል። ሥሩን የሸፈነው ብርማ ነገር ቬላመን ይባላል። እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ሲነካው ቶሎ ይመጥና አረንጓዴ ይሆናል።

ጥቅምት 2015፣ መጨረሻ

ለጎመናችን የምንጠቀመው ዩሪያ ነበር። ትንሽ በውሃ በጥብጬ ለሦስቱም ሰጠኋቸው። በየሁለት ቀኑም ውሃ አጠጣለሁ።

አንዱ ፋላኖፕሲስ ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ትልቅ ነጥብ ወጣበት፣ በሦስተኛው ቀን ጠቆረ። በሽታ መስሎኝ ነበር። ፀሐይ ነው ያቃጠለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኮተቤ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፣ የጠዋቱ ፀሐይ ራሱ ለዚህ ተክል ኃይለኛ ነው። ሁለቱንም ፋላኖፕሲስ ሳሎን አስገባኋቸው፣ በስስ መጋረጃ የተጋረደ መስኮት አጠገብ።

ኅዳር 2015

ትልቁን ስህተት የሠራሁት በዚህ ወር ነው።

የኖቢሌው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ የታችኞቹ፣ ቀጥሎ የመሐሎቹ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሦስት ቅጠል ወድቆ አገኛለሁ። ጠማው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ባሰበት። ዩሪያ ደገምኩለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ዘንጎች ሙሉ በሙሉ ራቁታቸውን ቀሩ። ከድሮዎቹ ሁለት ጋር አምስት ሆኑ ማለት ነው።

በሽታው ወደ ቀሩት ሁለት ዘንጎች እንዳይሄድ ብዬ አምስቱንም በመቀስ ከሥር ቆረጥኳቸው።

ስቆርጣቸው ውስጣቸው አረንጓዴና እርጥብ ነበር። ያኔ እጄ ቆም ብሎ ነበር። የሞተ ነገር እንደዚያ አይሆንም። ግን ቀጠልኩ።

ጥር 2015

የቀሩት ሁለት ዘንጎች አንጓቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች አወጡ። አበባ ነው ብዬ በጣም ተደሰትኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእብጠቶቹ ቅጠል ወጣ፣ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ነጫጭ ሥሮች። አበባ አልነበሩም። ሕፃን ተክሎች ናቸው። ኦርኪድ የሚያሳድጉ ሰዎች ኬይኪ ይሏቸዋል፣ በሃዋይ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ከመግዛቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን ማለት ነው። የገባኝን እዚህ ልጻፍ፣ ሌላ ሰው ዘንጉን እንዳይቆርጥ።

ኖቢሌ የሂማላያ ግርጌ ተክል ነው። ኔፓል፣ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ምያንማር፣ ታይላንድ፣ ደቡብ ቻይና። እዚያ ዝናቡ በሞንሱን ወቅት አንድ ላይ ይመጣል። ከዚያ ወራት የሚቆይ ደረቅና ቀዝቃዛ ጊዜ ይከተላል። ተክሉ በዝናቡ ወራት በፍጥነት አድጎ ውሃና ምግቡን ዘንጉ ውስጥ ያጠራቅማል። ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ምክንያቱም በቅጠል በኩል ውሃ ይተናል፣ የሚተካ ዝናብ ደግሞ የለም። ያ ራቁት ዘንግ ጎተራው ነው። አበባው የሚወጣውም ከዚያው ከራቁቱ ዘንግ አንጓዎች ነው። እኔ የቆረጥኩት የዓመቱን አበባ ነው።

ፋላኖፕሲስ ሌላ ነው። የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ አካባቢ ሙቅ ደኖች ተክል ነው። እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የሚያርፍበት ወቅት የለውም፣ ቅጠሉን አያራግፍም፣ የሚያጠራቅምበት ዘንግም የለውም። ያለው ወፍራም ቅጠልና ሥር ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ብታስጠሙት ይጎዳል፣ ብታቀዘቅዙት ማደጉን ያቆማል።

ሁለቱም ኦርኪድ ይባላሉ እንጂ አንድ ዓይነት እንክብካቤ አይችሉም።

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ የኖቢሌው ካሌንደር የእኛው መሆኑ ነው። ክረምት ጠጥቶ በጋ የሚያርፍ ተክል። የአበባ እምቡጥ ለማውጣት ከአንድ ወር በላይ 10 እና 13 ዲግሪ አካባቢ የሚወርድ ሌሊት ይፈልጋል። ሌላ አገር ሰዎች ይህን ለማግኘት ማቀዝቀዣ ያለው ግሪንሀውስ ይሠራሉ። ለእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ በነፃ ያመጡልናል። እኔ ደግሞ በዚያው ወቅት ውሃና ዩሪያ እየሰጠሁ "ገና ክረምት ነው፣ እደግ" ስለው ነበር። እሱም የተነገረውን ሰማና ልጅ አወጣ። በእረፍቱ ወቅት ውሃና ናይትሮጅን የበዛበት ኖቢሌ አበባ በማውጣት ፈንታ ኬይኪ ያወጣል።

ዩሪያው ራሱም ትክክል አልነበረም። ናይትሮጅኑን ለተክሉ የሚያመቻቹት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቅርፊት ብቻ ባለበት ፖት ውስጥ እነዚያ እንደ አፈሩ አይበዙም።

የካቲት 2015

አንዱ ፋላኖፕሲስ ሞተ። ያው የተቃጠለው ነው፣ ግን የገደለው ፀሐይ አይደለም። ማታ ማታ ከላይ ነበር የማጠጣው። ውሃው ቅጠሎቹ መሐል፣ እምብርቱ ላይ ይቆማል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እምብርቱ በሰበሰ። መሐለኛውን ቅጠል ሳብ ሳደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ፋላኖፕሲስ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ከበሰበሰ ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

የተረፈውን ከፖቱ አውጥቼ አየሁት። ቅርፊቱ ፈራርሶ እንደ ቡና አተላ ሆኗል። ከሥሮቹ ግማሽ ያህሉ ቡናማ ናቸው፣ ስጫናቸው ውሃ ይወጣቸዋል፣ ባዶ ቆዳ ነው የሚቀረው። ደህናዎቹ ጠንከር ያሉ ናቸው። የበሰበሱትን ቆረጥኩ። መቀሱን በየጊዜው በአልኮል እጠርገው ነበር። የተቆረጠበት ላይ የቀረፋ ዱቄት ነሰነስኩ፣ ቀረፋ ሻጋታን ይከላከላል። እዚህ ላይም ተሳሳትኩ፤ ደህናዎቹ ሥሮች ላይ ሁሉ ነሰነስኩበት። ቀረፋ ያደርቃል። የሁለት ሥር ጫፍ ደረቀብኝ። ቁስሉ ላይ ብቻ ነው መነስነስ ያለበት።

ከዚህ ቀን ጀምሮ ውሃ ጠዋት ብቻ ነው፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ። እምብርቱ ላይ ጠብታ ከቀረ በሶፍት ጫፍ እመጥጠዋለሁ።

መጋቢት 2015፣ መትከያ ፍለጋ

ለኦርኪድ ተብሎ የተዘጋጀ ቅርፊት ፈልጌ በደረስኩበት ሁሉ አጣሁ። አንድ ችግኝ ሻጭ ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅሎ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ለኦርኪድ አይሆንም። ሥሩ አየር ካጣ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል።

ከዚያ ያለኝን መቁጠር ጀመርኩ።

ቀይ አሽ፦ ጎረቤታችን ግቢውን ሲያስነጥፍ የተረፈ ክምር ነበር። "ውሰጂው" አለኝ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ አይበሰብስም፣ ውሃ ያሳልፋል። የአበባ እርሻዎቻችንም ጽጌረዳ ይተክሉበታል።

ፑሚስ፦ ይሄም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ብሎኬት ከሚያመርቱ ሰዎች አንድ ጆንያ በ80 ብር። ከቀይ አሹ ይቀልላል፣ ውሃም ይበልጥ ይይዛል።

ከሰል፦ የ150 ብር። በመዶሻ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አድርጌ ሰባበርኩት።

ፖት፦ ሸክላ ፈለግሁ፣ ስለሚተነፍስ። ሁለት ማሰሮ በ90 በ90 ብር ገዝቼ በወንድሜ ድሪል ልበሳ ስል ሁለቱም ተሰነጠቁ። ከዚያ ቀጨኔ ሄጄ ሸክላ የሚሠሩትን እናቶች አነጋገርኩ። አንዷ "ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ምን ታስቸግሪዋለሽ፣ ጭቃው እርጥብ እያለ እኛ እንበሳልሽ የለ" አሉኝ። አምስት ማሰሮ፣ ታችም ጎንም የተበሳ፣ በ120 በ120 ብር። በአሥር ቀን ደረሰልኝ። በጣም ያማረ ሥራ ነው።

ለፋላኖፕሲሱ ግን ሸክላ አልተጠቀምኩም። ሥሩ ብርሃን ሲያገኝ እንደ ቅጠል ምግብ ይሠራል፣ ስለዚህ የሚያሳይ ዕቃ ይሻለዋል። የአምስት ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጬ ጣልኩና በጋለ ምስማር ወደ ሃያ የሚሆን ቀዳዳ አወጣሁበት። አንድ ብር አልወጣበትም። ሥሩ ሲበሰብስና ሲያድግ በዓይኔ አየዋለሁ።

ሚያዝያ 2015፣ ተከላ

ለኖቢሌው ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ከሰል። ለፋላኖፕሲሱ ግማሽ ፑሚስ፣ ሩብ ከሰል፣ ሩብ ከአሮጌው ፖት የመረጥኩት ደህና ቅርፊት።

ቀይ አሹን በወንፊት ነፍቼ ነበር ግን አላጠብኩትም። በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ከታች አልወርድ አለ። ማሰሮውን ገልብጬ ሳይ ታች ሁለት ጣት የሚያክል ቀይ ጭቃ ረግቶ ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። ሁሉንም አውጥቼ በባልዲ አራት ጊዜ አጠብኩት፣ የመጨረሻው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ እንደገና ተከልኩ። ቀይ አሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን እንዳትዘሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ግን ካልታጠበ የመረጣችሁበት ምክንያት ይጠፋል።

ኖቢሌው ትንሽ ማሰሮ ነው የሚወደው። መጀመሪያ ሰፊው ላይ ነበር ያሰብኩት። ሥሩ ከሚያስፈልገው በላይ የሰፋ ማሰሮ መሐሉ ሳይደርቅ ይቆያል። ጠበብ ያለውን መረጥኩ፣ ቀይ አሹ ስለሚከብድ ነፋስ አይጥለውም።

ሦስቱን ኬይኪዎች ሥራቸው ሦስት አራት ሳንቲሜትር ሲደርስ ከዘንጉ ለየኋቸው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ፖት ውስጥ ገቡ። ከስህተቴ የተወለዱ ቢሆኑም ጤነኛ ናቸው።

ግንቦት እና ሰኔ 2015

ከኖቢሌው ሥር ሁለት አዲስ ቡቃያ ወጣ! የዘንድሮ ዘንጎች እነዚህ ናቸው።

ማዳበሪያ ቀየርኩ። በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለው)፣ ግማሽ ኪሎ በ350 ብር። ሩብ የሻይ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ። በወር አንዴ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ በደንብ አጥባለሁ፣ ጨው እንዳይጠራቀም። የሸክላው ውጪ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ጨው ነው።

የጥላ መረብ ሦስት ሜትር በ450 ብር ገዝቼ በረንዳው ላይ ወጠርኩ። የኖቢሌው ቅጠል ፈካ ያለ አረንጓዴ ሲሆን ብርሃኑ ልክ ነው። በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል፣ ከቀላ ወይም ቢጫ ከሆነ በዝቶበታል። ኖቢሌ ብርሃን ይወዳል፣ ከፋላኖፕሲስ በጣም ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጻፍ። አንድ ሰው ኦርኪድ እንደምወድ ሰምቶ፣ ከጅማ በኩል ከደን የተነቀለ ኦርኪድ ከነቅርንጫፉ አመጣልኝ። ልግዛው አለማለቴ ከብዶኝ ነበር፣ ምክንያቱም እጁ ላይ መድረቁ ነው። ግን አልገዛሁም። ብገዛው ሳምንት ሌላ ይነቅላል። አገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት። ኤራንጊስ የሚባለው ዛፍ ላይ የሚኖር ነጭ አበባ አለ፣ ማታ ማታ የሚሸት፣ ቅጠሉን የማያረግፍ። ሀበናሪያና ሳቲሪየም ደግሞ መሬት ላይ በክረምት በቅለው በበጋ ከላይ ጨርሰው ይጠፋሉ፣ መሬት ውስጥ ያለው ሥራቸው ብቻ ይቆያል። ሁለቱም ባሕርይ እዚሁ አለ ማለት ነው። ግን የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፣ የራሱ ስንቅ የለውም፣ በተፈጥሮ ለመብቀል የሚመግበው ፈንገስ ማግኘት አለበት። ዘሩን በትኜ አበቅለዋለሁ የሚባል ነገር አይደለም። የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ሥር ነው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ከደን አትግዙ። ያየሁት ያ ተክል እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሐምሌ እና ነሐሴ 2015

ዝናብ። ኖቢሌው እንደዚህ ሲያድግ አይቼው አላውቅም። ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ለክቼው አንደኛው ዘንግ 3 ሳንቲሜትር ጨመረ። የቧንቧ ውሃ ጨርሶ አልሰጠሁትም። ከቆርቆሮው አሸንዳ የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅማለሁ። ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አላስቀርም፣ ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራ ነው ይዘው የሚወርዱት።

ሁለት ችግር ነበር። አንደኛው ቀንድ አውጣ። የሥሮቹን አረንጓዴ ጫፍ ሌሊት እየበላ ያድራል፣ ጫፉ የተበላ ሥር ደግሞ እዚያው ላይ ይቆማል። መድኃኒት አልረጨሁም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የስልኬን ባትሪ አብርቼ በእጄ እለቅማለሁ። የመጀመሪያው ማታ 14 አገኘሁ። በሳምንቱ ሁለት ብቻ።

ሁለተኛው ጥቁር ነጥብ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለአሥር ቀን ያህል ሳያቋርጥ ሲዘንብ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሲያድር መጣ። የታመሙትን ሁለት ቅጠሎች ቆርጬ ጣልኩ፣ ማሰሮዎቹን አራራቅኩ፣ ኖቢሌውን ቀን ዝናብ ላይ አውዬ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያ በታች ማስገባት ጀመርኩ። ቆመ። ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ከማንኛውም መርጫ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ነሐሴ 20 ላይ ለኖቢሌው ማዳበሪያ አቆምኩ። ዘንጎቹ ጫፋቸው ላይ የመጨረሻ ቅጠላቸውን አውጥተዋል። አንዱ 38፣ ሌላው 42 ሳንቲሜትር ናቸው። ፋላኖፕሲሱ ማዳበሪያው ይቀጥላል፣ በሁለት ሳምንት አንዴ።

መስከረም እና ጥቅምት 2016

ዝናቡ ሲያበቃ የኖቢሌውን ውሃ ቀስ በቀስ ቀነስኩ። መስከረም ላይ በሳምንት አንዴ። ጥቅምት ላይ በአሥር ቀን። ጥቅምት 25 በደንብ አጠጥቼ ዘጋሁ።

ሁለት ባልዲ ለየሁ። ሰማያዊው የፋላኖፕሲስ፣ ቀዩ የኖቢሌ። ቀዩን መጋዘን ውስጥ ቆለፍኩበት። የእጅ ልማድ ከባድ ነው፣ ጠዋት ተነስቼ ሳላስብ እንዳላጠጣው ብዬ ነው። ለእማዬም ነገርኳት፣ ምክንያቱም እኔ ሥራ ስሄድ "አሳዘነኝ" ብላ ታጠጣልኛለች።

ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር በ900 ብር ገዛሁ። ውድ ነው፣ ግን ያለ እሱ በግምት ነበር የምሠራው።

እስካሁን የወጣ፦ ተክሎቹ 2,500፣ ማሰሮ ከተሰበሩት ጋር 780፣ ፑሚስ 80፣ ከሰል 150፣ ማዳበሪያ 350፣ መረብ 450፣ ቴርሞሜትር 900። ድምሩ 5,210 ብር።

ኅዳር 2016

የሌሊቱ ዝቅተኛ፦ 9፣ 8፣ 8፣ 10፣ 7 ዲግሪ። የቀኑ 22 እና 23። ከዚህ የተሻለ ማዘዝ አይቻልም። ወደ 4 እና 5 ከወረደ ውርጭ እንዳይመታው አስገባዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልወረደም።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አምና በዚህ ጊዜ ነበር መቀስ ያነሳሁት። ዘንድሮ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቅጠል ሲወድቅ እለቅማለሁ፣ አላጠጣም። ቀላል አይደለም። ዓይናችሁ እያየ የምትወዱት ተክል ራቁቱን ሲቀር፣ ምንም አለማድረግ ነው ሥራው።

ሁሉም ቅጠል አልወደቀም፣ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ቀርቷል። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ኖቢሌዎች የተዳቀሉ ስለሆኑ እንደ ዱር ዝርያው ሙሉ በሙሉ ላያረግፉ ይችላሉ።

ሳሎን ያለው ፋላኖፕሲስ ሌላ ዓለም ነው። ሌሊት 16 እና 17 ዲግሪ፣ በየስምንት ቀኑ ውሃ፣ ሥሩ ብርማ ሲሆን። አረንጓዴ ከሆነ ገና አልጠማውም። በሃይላንዱ ውስጥ በግልጽ ይታያል።

ታኅሣሥ 2016

ዘንጎቹ ተጨማደዱ። መስመር መስመር አወጡ፣ የአሮጊት ጣት መሰሉ። ትንሽ መጨማደድ የሚጠበቅ ነው። ግን አንደኛው አሮጌ ዘንግ ስጫነው ለስለስ አለብኝ፣ ያ ሲሆን ከመጠን አልፏል። ቀዩን ባልዲ አላወጣሁም። አንድ ስኒ ውሃ ጠዋት ማሰሮው ላይ ረጨሁ፣ እስከ ከሰዓት ደርቋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምኩ። በቃ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሰጠሁት ሁለት ስኒ ነው።

ፋላኖፕሲሱ ከቅጠሉ ሥር አዲስ ነገር አወጣ። ሥር ነው ወይስ የአበባ ግንድ? ሥር ጫፉ ክብና ለስላሳ ነው። የአበባ ግንድ ሹል ብሎ የቦክስ ጓንት የሚመስል ጫፍ አለው፣ ወደ ብርሃንም ያዘነብላል። በስድስተኛው ቀን ወደ መስኮቱ ዞረ። የአበባ ግንድ ነው።

ጥር 2016

ጥር 9፣ በኖቢሌው ላይ እብጠት። ልቤ ቆመ፣ ምክንያቱም አምናም እንዲሁ ነበር የጀመረው።

በአጉሊ መነጽር በየጠዋቱ አያለሁ። የኬይኪ እብጠት ሹል ነው፣ ጫፉ ወዲያው ወደ ላይ ቀና ይላል፣ እንደ ቅጠልም ይከፈላል። የአበባው ክብ ነው፣ ከዘንጉ ወደ ጎን ይወጣል፣ ቆይቶም ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይለያል። የኔዎቹ ክብ ናቸው። በ42ቱ ዘንግ ላይ ስድስት አንጓ፣ በ38ቱ ላይ አራት።

ውሃ ለመስጠት ቸኮልኩ። ግን ገና ሳይለይ ውሃ ካገኘ ወደ ኬይኪ ሊመለስ ይችላል። እምቡጦቹ በዓይን ሁለት ሁለት ሆነው እስኪለዩ ጠበቅሁ። ጥር 27 ቀዩን ባልዲ አወጣሁ። ግማሽ ሊትር፣ ከበርሜሉ የቀረ የዝናብ ውሃ።

የካቲት እና መጋቢት 2016

የካቲት 19 የመጀመሪያው ተከፈተ። ነጭ፣ ጫፉ ሐምራዊ፣ ጉሮሮው ጥቁር ቀይ። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው የማር ሽታ አለው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ። "ያ የደረቀው ነው እንዴ?" አለች። "እሱ ነው።" ብዙ ሳትናገር ወንበር አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

በጠቅላላ 23 አበባ። ሁለቱ አሮጌ ዘንጎች ሁለት ሁለት ሰጡ፣ የቀረው ከአዲሶቹ ነው። ከተከፈተ በኋላ ከጣሪያ በታች አስገባሁት፣ ዝናብ አበባውን ስለሚያጎድፍ። ይኸው አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ፋላኖፕሲሱም ትናንት የመጀመሪያ እምቡጡን ከፈተ። ቤታችን ስለሚቀዘቅዝ ነው መሰለኝ ከግንድ እስከ አበባ ሦስት ወር ገደማ ፈጅቶበታል።

ያበቡትን ዘንጎች አልቆርጥም። ለሚቀጥለው ቡቃያ ስንቅ ናቸው፣ ሙሉ በሙሉ ደርቀው ቡናማ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚወገዱት።

ከሦስቱ ኬይኪዎች አንዱን ቀይ አሽ ለሰጠኝ ጎረቤታችን ሰጠሁ። "መቼ መቼ ላጠጣው?" አለኝ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባልዲውን ደብቀው አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ከኖቢሌው ሥር ሦስት ቡቃያ ቆጠርኩ፣ ትልቁ 2 ሳንቲሜትር። የበልጉ ዝናብ ትናንት ማታ ትንሽ ጠብ ጠብ ብሏል፣ በርሜሉን አጥቤ ከአሸንዳው ሥር አስቀምጫለሁ። ቡቃያዎቹ የራሳቸውን ሥር ሲያወጡ ማዳበሪያ እጀምራለሁ፣ ያው ሩብ ማንኪያ በ4 ሊትር።